ለ«ትራውት ማጥመድ» ጉዞ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰሞኑን በድሬዳዋና በሐረር የቴሌግራም ግሩፖች አንድ ማስታወቂያ እየዞረ ነው። «የቤተሰብ የትራውት ዓሣ ማጥመድ ጉዞ፣ ባሌ ተራራ ሐይቅ ላይ! ቅዳሜ ጠዋት ወጥተን እሁድ ማታ እንመለሳለን። ትራንስፖርት፣ ምግብና መንጠቆ በእኛ።» ግማሹ ክፍያ አስቀድሞ በቴሌብር ይገባል፤ የሚገባውም በግለሰብ ስም ነው። የወንድሜ ቤተሰብ ከፍሎ ሄዷል። በሌላ ሰው ላይ እንዳይደገም ነው የምጽፈው።

የተወሰዱት ሐረማያ ነው። አዎ፣ ደንገጎን ወጥተን በአንድ ሰዓት የምንደርስበት ሐረማያ። ወንድሜ «ባሌ አላላችሁንም እንዴ?» ሲል አስተባባሪው ስልኩን አውጥቶ ከማስታወቂያው ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈችውን አሳየው፦ «ወይም ተመሳሳይ ሐይቅ»። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚች ላይ ነው። ባሌ ብለው ዋጋውን ይሰቅላሉ፣ በዚች መስመር ደግሞ ቅርብ ቦታ ወስደው ይገላገላሉ።

ተመሳሳይ ነው ወይ? በጭራሽ። ትራውት የቀዝቃዛና የወራጅ ውሃ ዓሣ ነው። የሚስማማው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ያለ ውሃ ነው። ከ20 ሲያልፍ ይጨነቃል፣ ወደ 25 ሲጠጋ ይሞታል። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳላ። እንቁላሉንም የሚጥለው ውሃ በሚያልፍበት ጠጠር ውስጥ ነው። ሐረማያ ግን ጥልቀት የሌለው፣ የተኛ ውሃ ነው። እንዲያውም ለዓመታት ደርቆ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆኖ እንደነበር የአካባቢው ሰው ሁሉ ያስታውሳል። ውሃው በመመለሱ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ዱሮም ቢሆን ግን የሚታወቀው በቆሮሶና በአምባዛ እንጂ በትራውት አይደለም።

ልጆቹ ቀኑን ሙሉ መንጠቆ ይዘው ፀሐይ ላይ ቆሙ። ምንም አልያዙም። አመሻሹ ላይ አስተባባሪው ከበረዶ ሳጥን ዓሣ አውጥቶ አስጠበሰና «ይኸው ትራውት» አላቸው። የወንድሜ ሚስት ከመጠበሱ በፊት ፎቶ አንስታው ነበር። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ከጀርባው ላይ ከጭንቅላቱ ጀምሮ እስከ ጅራቱ አጠገብ የሚሄድ አንድ ረጅም እሾሃማ ክንፍ አለው። ቆሮሶ ነው። ትራውት ሲሆን የጀርባው ክንፍ አጭር ነው፤ ከሱ ኋላ፣ ወደ ጅራቱ ጠጋ ብሎ፣ እሾህ የሌላት ትንሽ ሥጋማ ክንፍ አለችው። ቀስተ ደመና የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር፣ ገላውና ጅራቱ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉት። ማንም ሰው ዓሣ ሲያሳያችሁ ጀርባውን እዩ። ወንድሜ ይህን ለአስተባባሪው ሲነግረው ያገኘው መልስ «ወንድሜ፣ ዓሣ ዓሣ ነው» የሚል ነው። ቆሮሶ ግሩም ዓሣ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። በትራውት ዋጋ በውሸት መሸጡ ነው ያበሳጨኝ።

በእውነት ባሌ ቢወስዷችሁስ? ባሌ ውስጥ ትራውት አለ። ከኬንያ መጥቶ ከተለቀቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚጠመደው ግን እንደ ዌብ፣ ዳንካና ሻያ ባሉት ወንዞች ነው። ስለዚህ «ባሌ ተራራ ሐይቅ» ከሚለው ቃል ራሱ መጠርጠር ነበረበት። መንገዱም በአዋሽ፣ በአዳማና በአሰላ ዞሮ የባሌዋ ዲንሾ ከተማ እስኪደርስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሁለት ቀን ለመሄጃና ለመመለሻ እንኳን አይበቃም። ከልጅ ጋር ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ናት። የድሬ ሙቀት የለመደ ልጅ ሹራብና ጃኬት ካልያዘ ሌሊቱን በብርድ ይቀጣል፤ ከፍታውም ራስ ሊያሳምመው ይችላል። ማስታወቂያው ስለ ልብስ አንድ ቃል አይልም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን መግቢያና የማጥመጃ ፈቃድ ማን እንደሚያወጣም አይናገርም።

እኔም ደንበኛ መስዬ ደወልኩ። «የትኛው ወንዝ ላይ ነው የምናጠምደው?» ስል «አታስቢ እህቴ፣ ሁሉም ተዘጋጅቷል» አለኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ቁጥሬን ብሎክ አደረገው።

ስለዚህ ማንም አስጎብኚ ነኝ ቢላችሁ የንግድ ፈቃዱን እዩ፣ ገንዘቡንም በድርጅቱ ስም ክፈሉ። የወንዙ ስም፣ ቀኑና የሚያድሩበት ቦታ በጽሑፍ ይግባ። «ወይም ተመሳሳይ» የሚለው ይሰረዝ፤ አልሰርዝም ካለ ተዉት። ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ብሎ እንዲጽፍም ጠይቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ቀብድ የሰጠውም ከተወ ቀብዱን ያጣልና ሳታስቡበት አትስጡ። አሳሳች ማስታወቂያን ደግሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክላል።

ቤተሰብ ይዞ ሐረማያ መዋል ለሚፈልግ፣ ራሳችሁ ሂዱ። ከድሬም ከሐረርም ትራንስፖርት አይቸግርም፣ ወጪውም እነሱ ከጠየቁት ጋር አይወዳደርም።

ወንድሜ አቤቱታውን ለከተማው ንግድ ቢሮ እያዘጋጀ ነው። በዚሁ ማስታወቂያ የከፈላችሁ ካላችሁ ሳይጠፋ እስክሪንሹት አንሱት፤ የቴሌብር መልእክቱንም እንዳትሰርዙት። ማስረጃችሁን ይዛችሁ ብትመጡ አብረን እናስገባለን።