የድሮ ካሴት ያላችሁ የዲሲ ልጆች እንዳትጥሉት

ሰላም ወገን፣ ምስጋናም ጥቆማም ነው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና በ1990ዎቹ ከደሴ ሰው አስይዞ የላከልኝ ካሴት ነበረኝ፣ ያኔ ስልክ ውድ ስለነበር ደብዳቤ በድምፅ ነበር የምንላላከው ታስታውሱ የለ። አንድ ሱቅ ወስጄው ቴፑ በላውና የተልፈሰፈሰውን ክር በእስክሪብቶ ጠምዝዤ አስገብቼ ተስፋ ቆርጬ አስቀመጥኩት።

ከዛ አንድ ወዳጄ ዳውንታውን ማርቲን ሉተር ኪንግ ላይብረሪ ሂድ፣ ሜሞሪ ላብ የሚባል አለ፣ የድሮ ካሴት ራስህ ወደ ኮምፒውተር ፋይል የምትገለብጥበት ቦታ ነው፣ በነፃ ነው አለኝ። ታክሲ ስነዳ እዛ 9ኛና ጂ ስትሪት ጥግ ስንት ሰው አውርጃለሁ፣ ለኔ ጥቁር የብረትና የመስታወት ሳጥን ነበር። ለካ የታወቀው አርክቴክት ሚስ ቫን ደር ሮህ ዲዛይን ያደረገው ነው፣ በ1969 ሞቶ ህንፃው በ1972 ተከፈተ፣ ሳያየው ማለት ነው። 2017 ላይ ዘግተው በ211 ሚሊየን ዶላር አድሰው 2020 መስከረም ከፈቱት፣ በኮቪድ መሀል ስለሆነ ነው መሰለኝ እኔ ጭራሽ አልሰማሁም። ቅርስ ስለሆነ ከውጪ ያው የድሮው ነው፣ ውስጡ ግን ሌላ! በጡብ ታጥሮ የነበረው ደረጃ አሁን እየተጠማዘዘ የሚወጣ ሰፊ ደረጃ ሆኗል፣ አናቱ ላይ አምስተኛ ፎቅ ጨምረው አትክልት የተተከለበት ሰገነት አውጥተውለታል፣ ለልጆች ሸርተቴ ሁሉ አለ (የኔዋ አልወርድም ብላ አስለቀሰችኝ)። የሰሩት እጆች ይባረኩ።

ወደ ካሴቱ ስመለስ፣ ያገኘኋት ሰራተኛ ስሟን አልፅፍም፣ የትኛውን እንደምጫን አሳይታኝ "የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፣ ማቻኮል የለም" ብላ ኢርፎን ሰጠችኝ። መጀመሪያ ቋ አለ፣ ከዛ ዶሮ ጮኸ፣ ከዛ አባቴ "ኧረ ይሄ ነገር እየቀዳ ነው?" አለ። እዛው ቁጭ ብዬ አነባሁ፣ እሷም ምንም ሳትል ሶፍት አስጠግታልኝ ዞር አለች። እግዜር ይስጥልኝ እህቴ።

ምትሄዱ ሰዎች ቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ፣ ፍላሽ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ የላይብረሪ ካርዱም ነፃ ነው። እንግሊዝኛ ከከበዳችሁ አትፈሩ፣ በዲሲ ህግ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው። በመኪና ከምትሄዱ ጋለሪ ፕሌስ በባቡር ውረዱ፣ እዛ አካባቢ ፓርኪንግ መፈለግ ራሱ አንድ ካሴት ይጨርሳል 😅