አጭር ፉርጎ ወይስ ረጅም? ለትንሽ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ የሚስማማውን ስለመምረጥ

የብሪታንያ ባቡር ሞዴል መሰብሰብ የጀመረ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሎኮሞቲቩ ላይ ነው። አይፈረድበትም፤ ውበቱ ያለው እዚያ ነው። የእኔ ምክር ግን ተቃራኒው ነው፦ መጀመሪያ ፉርጎውን ምረጡ። ቦታችሁን የሚበላው፣ ኩርባ ላይ የሚያስቸግራችሁ፣ የባቡሩንም ዘመን አጥብቆ የሚወስነው ፉርጎው ነው። ሦስት አራት ፉርጎ ሲደመር ደግሞ ዋጋው ከሎኮሞቲቩ ጋር ሊስተካከል ይችላል።

የማወዳድራቸው ኦኦ በሚባለው መጠን የተሠሩትን ነው። ከእውነተኛው 76 ጊዜ ያህል ያንሳሉ፤ 16.5 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ይሄዳሉ። ሁሉም ተገጣጥመውና ቀለም ተቀብተው የሚመጡ ናቸው። ከካርቶኑ አውጥቶ ሐዲድ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ጄኔሪክ ወይስ ትክክለኛ ቅጂ?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብሪታንያ ውስጥ ብዙ የባቡር ኩባንያዎች ነበሩ። ትልልቆቹ የየራሳቸው ወርክሾፕና የየራሳቸው የፉርጎ ንድፍ ነበራቸው። የሞዴል አምራች ለእያንዳንዱ ንድፍ ለብቻው ሻጋታ ልሥራ ቢል አያዋጣውም። ስለዚህ የጋራ መልካቸውን ወስዶ አንድ አካል ይሠራና በብዙ ኩባንያዎች ቀለም ይቀባዋል። ጄኔሪክ ፉርጎ የሚባለው ይሄ ነው። የማንም ትክክለኛ ቅጂ አይደለም፤ ግን የሁሉንም ዘመዶች ይመስላል።

የባቡር ሞዴል ሻጭና አምራች የነበረው ሃተንስ፣ ጄነሲስ የተባሉትን ባለአራት እና ባለስድስት ጎማ ፉርጎዎች በ2019 (እ.ኤ.አ.) አስተዋወቀ። ሌላው የሞዴል አምራች ሆርንቢ በ2021 በተመሳሳይ ሐሳብ የራሱን ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ፉርጎ የፈለገ ሰው ወይ እንደ ሬሾ ያሉ የፕላስቲክ ኪቶችን ገዝቶ ራሱ ይገጣጥማል፣ ወይ ዝርዝር በሌላቸው ያረጁ ሞዴሎች ይብቃቃል። ለእኔ የእነዚህ ፉርጎዎች መምጣት ከብዙ አዳዲስ ሎኮሞቲቮች የበለጠ ዜና ነበር። ከ1923 በፊት የነበረውን ዘመን፣ ማለትም ኩባንያዎቹ ወደ አራት ትልልቅ ድርጅቶች ከመጠቃለላቸው በፊት ያለውን፣ እንደኔ ኪት የመገጣጠም ትዕግሥት ለሌለው ሰው ከፍተውለታል።

ለማን ይሆናሉ? የአንድን መስመር የአንድ ዓመት ፎቶ ይዛችሁ መስኮት በመስኮት የምትቆጥሩ ከሆነ ይቅርባችሁ። ልዩነቱ እረፍት ይነሳችኋል። የዘመኑን መንፈስ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ያለማመንታት ግዙ። ባቡሩ እየሄደ ከአንድ ክንድ ርቀት ሲታይ ዓይን የሚይዘው ቀለሙን፣ ቁመቱንና ጎማውን ነው። ጎማውን በተለይ እዩ። የዘመኑ ብዙ ፉርጎዎች ማንሰል የሚባል፣ መሐሉ በእንጨት የተሞላ ድፍን ጎማ ነበራቸው። ሞዴሉ ላይ ይህ ከጎደለ መልኩ ወዲያው ይበላሻል።

ከሁለቱ የቱ ይሻላል ለሚለው፣ መልሴ የምትፈልጉትን ቀለም የያዘው የሚል ነው። አንድ ባቡር ላይ ሁለቱን መቀላቀል ግን አልወድም። አንዱ አምራች «ቡናማ» ያለው ከሌላው ቡናማ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ጎን ለጎን ሲሄዱ ያስታውቃል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ሃተንስ ሥራውን እንደሚዘጋ በ2024 መጀመሪያ አሳውቋል። ከያኔው ምርት ጄነሲስ ስትገዙ የተሰበረ ነገር ቢኖር የድሮው ሻጭ ጋ መሄድ አትችሉም። የበሩ እጀታዎች፣ ደረጃው፣ የጫፍ መንጠቆው ሙሉ መሆናቸውን በቅርበት በተነሳ ፎቶ እዩ።

ርዝመቱን ቁጠሩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። 26 ጫማ የሆነ ባለአራት ጎማ ፉርጎ በዚህ መጠን 104 ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል። የሳውዝ ኢስተርን ኤንድ ቻተም ባቡር ኩባንያ የነበረው፣ የሞዴል አምራቹ ባችማን የሠራው በርድኬጅ («የወፍ ቤት») ፉርጎ ደግሞ 60 ጫማ ነው፤ ማለትም 240 ሚሊሜትር። ሦስት አጫጭሮቹ 31 ሳንቲሜትር ያህል ይይዛሉ። ሦስት በርድኬጆች 72 ይደርሳሉ። በዚህ ላይ ሎኮሞቲቩን ጨምሩ። ጣቢያችሁ መደርደሪያ ላይ የሚያርፍ አንድ ሜትር ከሆነ መልሱ ራሱ ወጣ።

ኩርባውም ያው ነው። የሆርንቢ የመጀመሪያው ኩርባ ሬዲየሱ 371 ሚሊሜትር፣ ሁለተኛው 438 ሚሊሜትር ነው። ረጅም ፉርጎ በጠባቡ ላይ ሲዞር ሆዱ ወደ ውስጥ፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ቢያልፍም አያምርም። ባለአራት ጎማው እዚያው ላይ ደህና ይመስላል። ባለስድስት ጎማው መሐል ላይ ነው። መካከለኛው አክስል ወደ ጎን እንዲንሸራተት ካልተደረገ ኩርባ ላይ ከሐዲድ ይወጣል። ስለዚህ በእጅ ይዛችሁ መካከለኛውን ጎማ ገፋ አድርጉት። መመለስ አለበት፤ መንቀርፈፍ የለበትም።

በርድኬጁ ግን ስሙን የሰጠው፣ የጠባቂው ሰገነት ከጣሪያው በላይ ብቅ ያለበት መልኩ ልብ ይሰርቃል። ትክክለኛ ቅጂም ነው። ቦታ ካላችሁና የዚያን ኩባንያ የኬንት መስመሮች የምትወዱ ከሆነ ጄኔሪኩን ትታችሁ እሱን ግዙ እላለሁ።

አሁን ሎኮሞቲቩ

ለአጫጭሮቹ ፉርጎዎች የመጀመሪያ ምርጫዬ ቴሪየር ነው። ዊልያም ስትራውድሊ ለለንደን ብራይተን ኤንድ ሳውዝ ኮስት ኩባንያ የነደፈው ይህ ትንሽ ሎኮሞቲቭ ከ1872 እስከ 1880 ድረስ 50 ተሠርቷል። በእውነተኛው ሕይወቱም የለንደንን ነዋሪ በባለአራት ጎማ ፉርጎዎች ነበር የሚያመላልሰው። ስለዚህ ጥምረቱ የሚያምር ብቻ ሳይሆን እውነትም ነው።

ገበያው ላይ ግን ሦስት ዓይነት ቴሪየር ስላለ ተጠንቀቁ። አንደኛው በ1980ዎቹ ዳፖል የሠራው፣ በኋላ ወደ ሆርንቢ የሄደው የድሮ ሻጋታ ነው። ርካሽ ነው፤ ዝርዝሩ ግን ሸካራ ነው፤ ለዲሲሲ ዲኮደርም (ሎኮሞቲቩን በዲጂታል ትዕዛዝ ለመንዳት ውስጡ ለሚገባው ትንሽ ሰርኪት) የተዘጋጀ አይደለም። ሁለተኛው ሆርንቢ በ2019 ከአዲስ ያወጣው ነው፤ ለዲኮደሩ ባለስድስት ፒን ሶኬት አለው። ሦስተኛው ሬይልስ ኦፍ ሼፊልድ የተባለው የሞዴል መደብር ከዳፖል ጋር ያሠራው ነው፤ ኔክስት18 የሚባለውን ሶኬት ይዟል። ድምፅ የምትፈልጉ ከሆነ ሦስተኛውን እመርጣለሁ፤ ባለስድስት ፒኑ ለስፒከር የሚሆን መስመር የለውም። በተራ ኮንትሮለር የምትነዱ ከሆነ ግን ሁለቱም አዳዲሶች ጥሩ ናቸው፤ የምትወዱትን ቁጥርና ቀለም ተከተሉ።

ስለ ቀለም ካነሳን፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከ1948 ወዲህ ያለውን የብሪቲሽ ሬይልዌይስ ጥቁር ቴሪየር ገዝቶ ከኋላው ከ1923 በፊት የነበረ ፉርጎ ይቀጥላል። ከ1948 በኋላ ግን ወደ ሄይሊንግ ደሴት የሚሄዱት ቴሪየሮች የሚጎትቱት ረጃጅም ፉርጎዎችን ነበር። ከ1923ቱ አራት ትልልቅ ድርጅቶች አንዱ የሆነው የሳውዘርን ቀለም ያለው ቴሪየር ከፈለጋችሁ ዋይት ደሴትን አስቡ። እዚያ ባለአራት ጎማ ፉርጎዎች እስከ 1930ዎቹ ድረስ ሠርተዋል። ወይም ዛሬ ያለ የቅርስ ባቡር መስመር ሥሩ። የዋይት ደሴት የእንፋሎት ባቡር አሁንም ቴሪየርና ባለአራት ጎማ ፉርጎ አንድ ላይ ያስኬዳል።

ሃተንስ ያወጣው የሳውዝ ኢስተርን ኤንድ ቻተም ሎኮሞቲቭ ፒ ክላስ ለቴሪየር ታናሽ ወንድም ነው ማለት ይቻላል። በ1909 እና 1910 ስምንት ብቻ ተሠርተው አራቱ እስከ ዛሬ ተርፈዋል። እውነተኛው ለመንገደኛ ባቡር አቅም አንሶት ፉርጎዎችን ወደማሸጋሸግ ሥራ ተዛውሯል። እናንተም ሁለት አጭር ፉርጎ ብቻ ብትሰጡት ታሪኩን አልጣሳችሁም። ረጅም ባቡር የምትፈልጉ ከሆነ ግን የሆርንቢ ኤች ክላስ ይሻላል። የዚያው ኩባንያ የሆነ፣ 66 የተሠሩለት፣ ከበርድኬጅ ጋር በትክክል የሚሄድ ሎኮሞቲቭ ነው። ለበርድኬጅ ገዢዎች ሌላ አልመክርም።

ሆርንቢ በ2016 ያወጣው ፔኬት ደብሊው4 ለየት ይላል። የፋብሪካና የማዕድን ሎኮሞቲቭ ነው። ማዕድን ቤቶች ያረጁ ባለአራት ጎማ ፉርጎዎችን ለሠራተኞቻቸው ማመላለሻ ይገዙ ስለነበር ጄኔሪኩ ፉርጎ እዚህም ቦታ አለው። ነገር ግን አራት ጎማ ብቻ ስላለውና አጭር ስለሆነ ሐዲዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ፕላስቲክ ካለ ኤሌክትሪኩ ተቋርጦ ሊቆም ይችላል። እሱን የምትገዙ ከሆነ እዚያ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን የሐዲድ ዓይነት አብራችሁ ግዙ።

የመጨረሻው ስለ መብራት። ጄነሲስ መብራት ያለውም የሌለውም ተሸጧል። ማታ ክፍሉን አጨልሞ የበራ ባቡር ማየት ደስ ይላል፤ አልክድም። ግን ከሐዲድ ኤሌክትሪክ የሚወስድ ማንኛውም ፉርጎ ጎማውን የሚነካ ቀጭን ብረት አለው፤ ያ ብረት ደግሞ ይጎትታል። አንድ ፉርጎ ላይ አይታወቅም። አምስት ሲሆኑ ትንሹ ቴሪየር ዳገት ላይ መንሸራተት ይጀምራል። መንገዳችሁ ዳገት ካለው ሁለት የበሩ ፉርጎዎችን መሐል አድርጋችሁ የቀሩትን ያለመብራት ግዙ።