ከአዲንዳን ወደ ደብሊውጂኤስ 84፦ ኪውጂአይኤስ፣ አርክማፕ ወይስ በእጅ መደመር?

የድሮ ፕላን ላይ ያለውን ኮኦርዲኔት ስልክ ላይ ስታስገቡት ነጥቡ ሌላ ሰፈር ይወድቃል። «የትኛውን ሶፍትዌር ብገዛ ይስተካከላል?» የሚለው ጥያቄ ከቀያሽም፣ ከመንገድ ዲዛይነርም፣ ቦታ ሊገዛ ካሰበ ሰውም ደጋግሞ ይመጣል። መልሱን ከወዲሁ ልናገር፦ ለዚህ ሥራ ሶፍትዌር አትግዙ። ኪውጂአይኤስ የተባለውን የካርታ ሶፍትዌር በነጻ አውርዱ፣ የመቀየሪያ ቁጥሮቹን ራሳችሁ ምረጡ፣ ብራችሁን ለመስክ ልኬት አስቀምጡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኢትዮጵያ የ1፡50,000 ካርታዎችና በርካታ የድሮ ፕላኖች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም ነው፤ ዳተም ማለት ኮኦርዲኔት የሚለካበት መነሻ ነው። አዲንዳን የምድርን ቅርጽ የሚወስደው ከክላርክ 1880 ኤሊፕሶይድ (የምድር ቅርጽ ስሌት) ነው። ስልክ፣ ጂፒኤስና ጉግል ኧርዝ ደግሞ የሚሠሩት በደብሊውጂኤስ 84 ዳተም ነው። ሁለቱም ወገን «ዩቲኤም ዞን 37» (ቦታን በሜትር የሚቆጥር የካርታ ፍርግርግ) ብሎ ስለሚጽፍ ቁጥሮቹ መንትያ ይመስላሉ፤ ሰው የሚሳሳተውም በዚሁ ነው። አዲስ አበባ ላይ አንድ ነጥብ ከአዲንዳን ወደ ደብሊውጂኤስ 84 ሲዞር ኢስቲንጉ (ወደ ምሥራቅ የሚቆጠረው) በ95 ሜትር፣ ኖርዚንጉ (ወደ ሰሜን የሚቆጠረው) በ207 ሜትር ገደማ ይጨምራል። በቀጥታ ሲለካ 228 ሜትር ነው።

ውድም ሆነ ርካሽ ሶፍትዌር ይህን ቅየራ የሚሠራው በሦስት ቁጥሮች ነው፤ የአንዱ ዳተም ማዕከል ከሌላው በሦስት አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚናገሩ ናቸው። ለኢትዮጵያ የወጡት −165፣ −11 እና 206 ሜትር ናቸው፤ በኢፒኤስጂ (የኮኦርዲኔት ሥርዓቶች ዓለም አቀፍ መዝገብ) ቁጥራቸው 1103 ነው። ችግሩ በዚያው «አዲንዳን» በሚለው ስም ሌሎችም መኖራቸው ነው። የኢትዮጵያና የሱዳን አማካይ (1100) −166፣ −15፣ 204 ነው። የሱዳን ብቻው (1106) −161፣ −14፣ 205 ነው። የማሊው (1104) −123፣ −20፣ 220 ነው። አዲስ አበባ ላይ አማካዩን ብትጠቀሙ ነጥባችሁ ከኢትዮጵያው ውጤት 3 ሜትር ያህል ይርቃል፤ የሱዳኑ 5 ሜትር፣ የማሊው ደግሞ 35 ሜትር ያህል። በውድ ፈቃድ የተገዛ ሶፍትዌር ላይ የማሊውን የመረጠ ሰው በነጻው ላይ የኢትዮጵያውን ከመረጠው 35 ሜትር ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው።

ስለዚህ ከብራንድ ይልቅ ስህተቱን መለየት ይጠቅማል፤ የስህተቱ መጠን ምንጩን ይናገራል። ነጥቡ ከትክክለኛው ቦታ የራቀው 95 በ207 ሜትር (ኢስቲንግ በኖርዚንግ) ከሆነ የአዲንዳን ቁጥር የደብሊውጂኤስ 84 መለያ ተለጥፎበታል፤ ማለትም 20137 (የአዲንዳን ዞን 37 የኢፒኤስጂ መለያ) መባል ያለበት ፋይል 32637 (የደብሊውጂኤስ 84 ዞን 37) ተብሏል። ከአውቶካድ የሚወጣ ዲኤክስኤፍ ፋይል ዳተሙን ይዞ ስለማይመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። ልዩነቱ 95 በ116 ከሆነ ግን መለያው ትክክል ነው፤ ሶፍትዌሩ ኤሊፕሶይዱን ብቻ ቀይሮ ሦስቱን ቁጥሮች ሳይጠቀም አልፏል። 190 በ450 አካባቢ ከሆነ የሦስቱ ቁጥሮች ምልክት ተገልብጧል፤ ፓራሜትር በእጅ ሲገባ መቀነሱ መደመር ሆኗል።

አሁን ወደ ዋጋው። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ክራክ (ፈቃዱ ተሰብሮ የሚጫን) አርክማፕ የተባለ የካርታ ሶፍትዌር ነጻ ይመስላል። ሲጫን ጸረ ቫይረሱን አጥፉ ይላል፣ ዊንዶውስ ሲታደስ ፈቃዱ ይሰበራል፣ ኮምፒዩተሩ ፎርማት ሲደረግ የጠፋው የሥራ ቀንም ዋጋ አለው። የአርክማፕ ድጋፍ ራሱ በአውሮፓውያኑ ማርች 1 ቀን 2026 እንዲያበቃ አምራቹ የወሰነበት ነው። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው፣ በዋናውም ቅጂ ያለ ባሕርይ ነው፦ ሁለት ዳተም ስትቀላቅሉ አንድ ቢጫ የማስጠንቀቂያ ሳጥን ይመጣል፤ «ክሎዝ» ብላችሁ ካለፋችሁት ከላይ ያየነውን 95 በ116 ስህተት ይዛችሁ ትቀጥላላችሁ። ከዚያ በኋላ ምንም አይናገርም። መድኃኒቱ እዚያው ሳጥን ላይ «ትራንስፎርሜሽንስ» የሚለውን ከፍቶ በስሙ መጨረሻ 4 ቁጥር ያለበትን የአዲንዳን መቀየሪያ መምረጥ ነው። 1 ቁጥር ያለበት አማካዩ ነው፤ ከዝርዝሩ አናት ስለሚገኝ ሰው ሳያየው ይመርጠዋል።

የአርክማፕ ተተኪ የሆነው አርክጂአይኤስ ፕሮ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ ዳተም ሲለያይ ዝም ብሎ አያልፍም፣ ራሱ አንድ መቀየሪያ ይመርጣል። የመረጠውን ግን ከካርታው ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብታችሁ አረጋግጡ። ፈቃዱ በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ ይታደሳል። ለዓመታት 100 ዶላር ሲሸጥ የኖረው የግል ፈቃድም ገቢ ለሚያስገኝ ሥራ አይፈቅድም። መሥሪያ ቤታችሁ ገዝቶት ካለ ተጠቀሙበት። ለዳተም ቅየራ ብላችሁ ከኪሳችሁ አትክፈሉ፤ ያው ሦስት ቁጥር ስለሆነ ውጤቱ ከነጻው በሚሊሜትር እንኳ አይለይም።

ኪውጂአይኤስ የሚያስወጣው የኢንተርኔት ብቻ ነው፤ መጫኛው ከ1 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ዋይፋይ ካለበት አውርዱትና በፍላሽ አካፍሉት፣ ይህኛውን ማካፈል ሕጋዊ ነው። እንደጫናችሁ መጀመሪያ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ኦፕሽንስ» ግቡና ስለ ትራንስፎርሜሽን በሚናገረው ክፍል፣ ከአንድ በላይ መቀየሪያ ሲኖር ጠይቀኝ የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጉበት። ቀጥሎ ፋይሉን ክፈቱና መለያውን 20137 አድርጉ። ፕሮጀክቱ 32637 ከሆነ መቀየሪያዎቹን የሚዘረዝር መስኮት ይመጣል። እያንዳንዱ ረድፍ የሚሠራበትን አገርና ትክክለኛነቱን በሜትር ያሳያል። ኢትዮጵያ የሚለውን ረድፍ ስትነኩት ከታች −165፣ −11፣ 206 ማንበብ አለባችሁ። «ባልፓርክ» የሚል ቃል ካያችሁ ያ ሦስቱን ቁጥሮች የሚዘለው ነው፤ አትንኩት። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ከድሮ ፕሮጀክት የተቀዳ −166፣ −15፣ 204 የሚል ጽሑፍ ያለበት ብጁ መለያ ካላችሁ አጥፉት፤ አዲሱን ምርጫችሁን አልፎ አማካዩን ይጠቀማል።

በእጅ የሚያዝ ጋርሚን የገዛ ሰው ዳተም ዝርዝሩ ላይ አንድ «አዲንዳን» ያገኛል፤ የየትኛው አገር ቁጥር እንደሆነ አይመርጥበትም። ዕቃው የተጠቃሚ ዳተም የሚቀበል ከሆነ ዲኤክስ −165፣ ዲዋይ −11፣ ዲዜድ 206፣ ዲኤ −112.145፣ ዲኤፍ −0.54750714 አስገቡ። ከዚህም በኋላ አንድ ወጥመድ አለ፦ መሣሪያው አዲንዳንን የሚያሳየው ስክሪኑ ላይ ብቻ ነው። በኬብል የሚወጣው ጂፒኤክስ ፋይል ምንጊዜም ደብሊውጂኤስ 84 ነው። ከስክሪን በደብተር የተጻፈውና ከፋይል የወረደው 95 በ207 ተለያይተው ሲገኙ «ጂፒኤሱ ተበላሽቷል» ተብሎ ለጥገና ይላካል፤ ብልሽት የለበትም።

በእጅ መደመርስ? 95 እና 207 መጨመር የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም፤ ከሞያሌ እስከ መቀሌ፣ ከጅማ እስከ ድሬዳዋ፣ ዞን 37 ውስጥ በሁለት ሜትር ልዩነት ይሠራል። ለጉብኝት፣ ለጉድጓድ ጥቆማ፣ ካርታ ላይ መንደር ለመፈለግ ይበቃል፣ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ጋምቤላ ሄዳችሁ ዞን 36 ላይ ግን እንዳትጠቀሙበት፤ እዚያ ኢስቲንጉ የሚጨምረው 82 ሜትር አካባቢ ነው።

ለችካል ግን ከላይ ከተጠቀሱት አንዱም አይበቃም። የኢትዮጵያ ሦስት ቁጥሮች ራሳቸው በየአቅጣጫው 3 ሜትር ገደማ ያጠራጥራሉ፤ ሦስቱ ተደማምረው ወደ 5 ሜትር ይደርሳሉ። የድሮው የመቆጣጠሪያ ነጥቦች መረብ ከቦታ ቦታ ስለሚጣመም ይህን ሶፍትዌር በማሻሻል አታጠፉትም። 250 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 3 ሜትር ማለት የጎረቤት አጥር ነው። ብራችሁን የምታወጡት እዚህ ነው፦ ባለ ሁለት ድግግሞሽ ጂኤንኤስኤስ (በሳተላይት የሚለካ የቅየሳ መሣሪያ) ለአንድ ቀን ተከራዩ፣ የአዲንዳን ኮኦርዲኔታቸው የታወቀ ቢያንስ 6 ነጥቦች በሥራው ዙሪያ ለኩ፣ በ4ቱ የአካባቢውን ቅየራ አስሉ፣ የቀሩትን 2 ለማረጋገጫ አቆዩ። ማረጋገጫዎቹ ከጥቂት ሴንቲሜትር በላይ ካፈነገጡ ቅየራውን ከማስተካከላችሁ በፊት ነጥቡ ተነቅሎ እንደገና የተተከለ መሆኑን እዩ። በጉግል ኧርዝ ምስል ግን 3 ሜትርን አትፍረዱ፤ ምስሉ ራሱ በሜትሮች ይንሸራተታል።

ሻጭ ወይም የስልክ መተግበሪያ «አዲንዳንን እቀይራለሁ» ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አስገቡለት፦ ዞን 37፣ አዲንዳን፣ ኢስቲንግ 473000፣ ኖርዚንግ 998000። 473095 እና 998207 አካባቢ ካወጣ የኢትዮጵያውን ይዟል። 473093 እና 998206 ካለ አማካዩ ነው፤ ለካርታ ሥራ ይሆናል። 473062 እና 998217 ካለ ማሊን ሰጥቷችኋል። ኢስቲንጉ ከ473000 ሳይነቃነቅ ኖርዚንጉ 998091 ከሆነ ምንም ዳተም አልቀየረም፤ ገንዘባችሁን ያዙ።