«እንዳትነካ!» ወይስ «ደውልልኝ»?

የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለቀ ዕለት ልጅ «ከጓደኞቼ ጋር ልወጣ ነው» ሲል፣ ወላጅ ሁለት ምርጫ አለው።

አንዱ ማስፈራራት ነው። «እንዳትነካ! ጠጥተህ እንዳትመጣብኝ!» ግልጽ ነው፣ ሕጉም አብሮት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። ችግሩ፣ ልጁ ከጠጣ እናንተ ጋ አይደውልም። የእህቴ ልጅና ጓደኞቹ አንዱ ሲዝለፈለፍባቸው ቤት መደወል ፈርተው፣ ራሱ ላይ ውሃ ሲያፈሱና ቡና ሲግቱት አመሹ። ሁለቱም ስካር አያበርዱም።

ሌላው ቁጭ ብሎ ማውራት ነው። (መኪና ውስጥ ወይም ቡና ላይ ቢሆን ስብከት አይመስልም።) «አትጠጣ» ማለቱ እዚህም አይቀርም፤ ግን ምክንያት ይከተለዋል። አረቄ እየተሽቀዳደሙ ሲጨልጡት ጉበት አይደርስበትም። ቆይቶ ነው የሚመታው፤ ልጁ ግን «ምንም አልሆንኩም» እያለ ይደግማል። ራሱን የሳተ ጓደኛ ብቻውን አይተውም። ትውከት እንዳያንቀው በጎኑ ይተኛል፣ አምቡላንስ በ907 ይጠራል። የጠጣ ሰው የሚነዳው መኪና ውስጥ አይገባም። «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን ደውል፣ መጥቼ እወስድሃለሁ። ቁጣው ነገ ይደርሳል።»

«ፈቀድሽለት ማለት ነው» የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጊዜ ይፈልጋል፣ ትዕግሥትም። ደግሞ አባት ራሱ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተንገዳገደ የሚገባ ከሆነ፣ ወሬው ከእሱ ቢጀምር ይሻላል።