የካራቫን ማሞቂያ ፋን «ቀጥታ» ላስደርግ የምትሉ፣ ቆይ አንዴ

ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ቤት) ወይም አልጋ የተሠራለት መኪና ኖሯችሁ በዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደጋ ላይ የምታድሩ ሰዎች፣ ይቺን ሳታነቡ አትለፉ። እኔ 25,000 ብር ከስሬባታለሁ።

ሥራዬ የገብስና የድንች ንግድ ነው። በመሰብሰቢያው ሰሞን ከረዳቴ ጋር ጮቄ ተራራ ሥር ሁለት ሦስት ሳምንት እንሰነብታለን። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊት ከዚያ የሚወርደውን ብርድ የጎጃም ሰው ያውቀዋል፣ ለሌላው ማስረዳት ይከብዳል። ድሮ ድንኳን ውስጥ ነበር የምናድረው። ኋላ አንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ፕሮጀክቱን ጨርሶ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ የሚጎተት ካራቫን ገዛሁ። ከውጭ የመጣ ነው። አልጋና ምድጃ አለው፤ ከአልጋው ሥር ደግሞ በጋዝ ሲሊንደር የሚሠራ ማሞቂያ አለ። ሙቀቱን ቤት ውስጥ የሚነፋው በ12 ቮልት የሚዞር ፋን ነው። (አብሮት የመጣው መጽሐፍ «ለክረምት እንዲህ አድርጉ» ሲል እኔ ሐምሌ መስሎኝ ነበር። ለካ የፈረንጅ ክረምት የኛ ታኅሣሥ ነው።)

ማሞቂያው ደህና ይሠራ ነበር። የኔ ቅሬታ መቆራረጡ ነው። ይነሳል፣ ትንሽ ይነፋል፣ ቤቱ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ (ሙቀቱን እየለካ የሚያበራውና የሚያጠፋው) ያጠፋዋል። ወዲያው ብርዱ በበሩ ሥር ይገባል። ረዳቴ ጋቢውን ወደ ራሱ ይጎትታል፣ እኔ እነቃለሁ፣ ልክ እንቅልፍ ሲወስደኝ ፋኑ ጓ ብሎ ይነሳል። ሲነጋ ዓይናችን ቀልቶ ነው ድንች የምንመዝነው።

ይህን ለአንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አወራሁት። ስሙን አልጠራም፣ ከተማውንም እንደዚሁ። «ጋሼ፣ ይሄማ ቀላል ነው! ፋኑን ቀጥታ አደርግልዎታለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ይዞራል፣ ሙቀቱም እኩል ይዳረሳል» አለኝ። 7,000 ብር ጠየቀ። ነገሩ አሳመነኝና ከፈልኩ። ግማሽ ሰዓት እንኳን አልፈጀበትም። ከባትሪው አንድ ሽቦ ጎትቶ ከሞተሩ ጋር አገናኘ፣ በሩ አጠገብ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠመ፣ «በሉ እንግዲህ ይተኙ» ብሎኝ ሄደ።

የዚያን ሌሊት ብርድ አልረሳውም። ፋኑ ይዞራል፤ የሚነፋው ግን ቀዝቃዛ አየር ነው። እሳቱ ጭራሽ አልነሳም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ደግሞ ፋኑ እንደታመመ ሰው እያቃሰተ ዝግ አለና ቆመ። መብራቱን ሳበራው አምፖሉ የሲጋራ ጫፍ ያህል ቀላ። ባትሪው አልቋል። ጠዋት ደጅ የተውነው የመታጠቢያ ውሃ በረዶ ጋግሮ አገኘነው።

ደወልኩለት። ሳያየው «ቦርዱ ተቃጥሏል» አለኝ፤ ማሞቂያውን የሚያዘውን የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ማለቱ ነው። ካራቫኑን ጎትቼ ወረድኩ። አዲስ ቦርድ ብሎ በ18,000 ብር ገጠመልኝ። እሱ ግቢ ውስጥ ሲሞከር እሳቱ እንደ ጥሩ ጊዜው ቦግ አለ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ማታ አዲሱን ማብሪያ ስጫነው ያው ቀዝቃዛ ነፋስ። እንደገና ብደውል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እንግዲያው ቦርዱን ዘለን ጋዙን ከቴርሞስታቱ ቀጥታ እንስጠው፤ 4,000 ብር ይጨምሩ።» እዚህ ላይ ነው የነቃሁት። ጋዝና «ቀጥታ» የሚሉት ነገር አንድ ላይ ሲጠሩ ሆዴ ፈራ።

በመጨረሻ ያዳነኝ በፊት በተቋራጮች ካምፕ የሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ክዳኑን ፈተው ሞተሩን አወጡና «ና ልጄ፣ እይ» አሉኝ። አንድ ሞተር ነው፤ ግራና ቀኙ ላይ ግን ሁለት መዘውር አለ። አንዱ የቤቱን አየር እሳቱ ባጋለው ብረት ላይ እያሳለፈ ይመልሳል። ሌላው ከውጭ አየር ስቦ እሳቱ ወዳለበት ክፍል ያስገባና ጭሱን በቧንቧ ወደ ደጅ ያስወጣል። ሁለቱን ለያይቶ ማዞር አይቻልም። ስለዚህ እሳቱ ጠፍቶ ፋኑ ብቻ ሲዞር የጮቄን ውርጭ እየሳብክ ብረቱን ታቀዘቅዛለህ፣ የቤትህን አየር ደግሞ በዚያው በቀዘቀዘ ብረት ላይ ታሳልፋለህ። ለካ ያን ሌሊት ሙቀታችንን ወደ ደጅ ስናስወጣ ነው ያደርነው።

እሳቱ ለምን እምቢ እንዳለም አሳዩኝ። ከፋኑ ጎን አንዲት ስስ የቆርቆሮ ምላስ አለች። ነፋሱ ሲገፋት ስዊች ትዘጋለች፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ታገናኛለች፤ ቦርዱም ነፋስ መኖሩን ከሷ ሰምቶ ነው ጋዝ የሚከፍተው። እንደኔ ያሉት ቦርዶች ደግሞ ከመነሳታቸው በፊት ምላሷ ክፍት መሆኗን ያያሉ። ፋኑ ቀድሞ እየዞረ ምላሷ ተዘግታ ካገኟት ስዊቹ የተበላሸ ይመስላቸዋል፤ ጋዝ አይከፍቱም። ቦርዴ አልተቃጠለም ነበር ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ግቢው ውስጥ ሲያሳየኝ በሩ አጠገብ ያለውን ማብሪያ አልነካውም፤ እሱ ካልተነካ አሮጌውም ቦርድ ቦግ ይል ነበር።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ሽቦው ነው። ለአምፖል የሚሆን ቀጭን ፍሌክሲብል፣ ፊውዝ የሚባል የለውም፣ መጋጠሚያው በናስትሮ ተጠቅልሏል። ከባትሪው አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ የብረት ጠርዝ የሚነካው ቦታ ላይ ሽፋኑ እንደ ሻማ ለስልሶ ውስጡ ያለው መዳብ ወጥቶ ይታያል። ከሱ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ የጋዝ ቧንቧው ያልፋል። ከላይ የኔ ፍራሽ ነው።

የባትሪውን ነገር በጣት መቁጠር ይቻል ነበር። እንዲህ ያለ ፋን 8 አምፔር ገደማ ይበላል። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 10 ሰዓት ነው፤ 80 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። የኔ ባትሪ ባለ 100 ነው፤ ተራ የአሲድ ባትሪ ደግሞ ከግማሹ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ብርድ ሲጨመርበት የሚይዘውም ይቀንሳል። ፋኑ በቴርሞስታት እየተነሳ እየጠፋ ሲሠራ ግን የሚዞረው የሌሊቱን ከፊል ብቻ ነው። ያ የሰለቸኝ መቆራረጥ ባትሪዬን ሲጠብቅልኝ ኖሯል።

አዛውንቱ ሽቦውን ነቅለው ጣሉት። በምትኩ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣች ትንሽ የ12 ቮልት ፋን በፊውዝ አድርገው ጣሪያው ጥግ ገጠሙልኝ። የምትበላው ሩብ አምፔር እንኳን አይሞላም፤ ከላይ የተከማቸውን ሙቀት ወደ ታች ስትመልስ ታድራለች። የበሩን ሥር በጎማ ደፈንን። ቴርሞስታቱ የሙቅ አየር መውጫው አፍ ላይ ስለነበር ቶሎ ቶሎ የሚያጠፋው እሱ ነው፤ ወደ አልጋው በኩል አዛወሩት። ለሁሉም 1,500 ብር። የጭሱን ቧንቧና ብረቱ አለመሰንጠቁን ሳያዩም አልለቀቁኝም። ከሰል አስገብቶ ተኝቶ የቀረ ሰው ሁላችንም ሰምተናል፤ ብረቱ ከተሰነጠቀ ያው ሽታ የሌለው የጭስ መርዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) ነው በፋን ተገፍቶ ቤት የሚገባው።

እንግዲህ አንድ ሰው «ቀጥታ ላድርግልህ» ካላችሁ ፊውዙ የት እንደሚቀመጥ ጠይቁት። ከመክፈላችሁ በፊት የጨመረውን ማብሪያ ራሳችሁ አብሩና እሳቱ ሲነሳ በዓይናችሁ እዩ። ደረሰኝ ተቀበሉ፤ እኔ ስላልተቀበልኩ አሁን «አላውቅዎትም» እየተባልኩ ነው። ዕቃ ቀየርኩ ካለም አሮጌውን ይስጣችሁ። የኔን «ለምን ይፈልጉታል፣ እዚሁ ይጣል» ብሎኝ ነበር፤ እንዲሁ ዕቃ መጣል ስለማልወድ ኪሴ ከተትኩት። አዛውንቱ ያንኑ መልሰው ገጠሙት። ይኸው ሁለት ሳምንት እየሠራ ነው፤ የ18,000 ብሩ ቦርድ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።