ከ60 ቶን ወደ 40 ቶን፦ ስለ ማተሚያ አዳራሻችን አየር ማቀዝቀዣ

በምሠራበት የማተሚያና የማሸጊያ ድርጅት ውስጥ በአምስት ዓመት ጊዜ ለአንድ አዳራሽ ሁለት ጊዜ የኢንዱስትሪ አየር ማቀዝቀዣ ተገዝቷል፤ በጥገና ኃላፊነቴ ምክንያትም ሁለቱንም ጊዜ ከመራጮቹ አንዱ ነበርኩ። የመጀመሪያው ግዢ ስሕተት ነበር፤ ፊርማዬም አለበት። ሁለተኛው፣ ማለትም አሁን ጣሪያችን ላይ የተቀመጡት እያንዳንዳቸው 20 ቶን የማቀዝቀዝ አቅም ያላቸው ሁለት ባለ ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ያላቸው) ፓኬጅ ማሽኖች (ሁሉም ክፍሎቻቸው በአንድ ሣጥን ውስጥ ያሉ)፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሠርተው ጠባያቸው ስለታወቀ፣ ደግ ጎናቸውንም ጉድለታቸውንም ለመጻፍ ጊዜው የደረሰ ይመስለኛል። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ ከምወቅሳቸው ነገሮች አብዛኞቹ የአመራረጥና የአተካከል ጉዳዮች ስለሆኑ በማንም ማሽን ላይ ሊደርሱ ይችላሉ።

ከአሮጌዎቹ ልጀምር። እያንዳንዳቸው 30 ቶን የሆኑ ሁለት ማሽኖች በተተከሉበት ወር ሁሉም ሰው ተደስቶ ነበር፤ በ600 ካሬ ሜትሩ አዳራሽ ውስጥ ቴርሞሜትሩ ከ22 ዲግሪ አልፎ አያውቅም፤ ከኅትመት ማሽኑ አጠገብ የሚቆሙት ሠራተኞችም ሹራብ መደረብ ጀምረው ነበር። የዝናቡ ወራት ሲገባ ግን ወረቀቱ አስቸገረን። ከፓሌቱ ላይ የሚነሣው ወረቀት ጠርዙ ይሞገዳል፤ አራቱ ቀለሞች በትክክል አንዱ በሌላው ላይ መውደቃቸው በሚታይባቸው ትንንሽ መስቀሎች ላይ፣ ጥቁሩና ሰማያዊው ተገጣጥመው ቢጫው በፀጉር ስፋት ወደ ጎን ይሸሻል፤ ቀለሙም ቶሎ ስለማይደርቅ ከላዩ በሚያርፈው ወረቀት ጀርባ ላይ ይታተማል። ባለሙያው ያስተካክለዋል፤ ጥቂት መቶ ወረቀት እንዳለፈ ችግሩ ይመለሳል። ጥፋቱን መጀመሪያ በኅትመት ማሽኑ፣ ቀጥሎ በወረቀት አቅራቢው ላይ ስናላክክ ከርመን፣ በመጨረሻ የእርጥበት መለኪያ አዳራሹ መሐል ብንሰቅል አንጻራዊ እርጥበቱ 68 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ለኦፍሴት ኅትመት የሚመረጠው ከ50 እስከ 55 በመቶ አካባቢ ነው።

ሰዓት ይዤ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ክፍል) ለአራት ደቂቃ ይሠራል፤ ከዚያ ለሰባት ደቂቃ ይቆማል፤ ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ነው። ማሽኑ ለአዳራሹ ከሚገባው በላይ ትልቅ ስለሆነ፣ ቴርሞስታቱ የሚጠይቀውን ቅዝቃዜ በጥቂት ደቂቃ ሰጥቶ ያርፋል። እርጥበት ግን እንዲህ በችኮላ አይወጣም። አየሩ ውስጥ ያለው ተን በቀዝቃዛው ኮይል (አየሩን በሚያቀዝቅዘው የቧንቧ ጥቅል) ላይ ጤዛ ሆኖ መጀመሪያ የአሉሚኒየም ቅጠሎቹን ያረጥባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ተጠራቅሞ ወደ ትሪው የሚንጠባጠበውና በቧንቧ የሚወጣው። ኮምፕረሰሩ ገና ቅጠሎቹ እንደረጠቡ ሲቆም፣ ፋኑ ግን መንፈሱን ስለሚቀጥል፣ ያ ውሃ መልሶ ተን ሆኖ ወደ አዳራሹ ይገባል። የፍሳሽ ቧንቧውን ጫፍ ስመለከት ደረቅ ነበር፤ በዚያ ዝናባማ ሳምንት ሊደርቅ የማይገባው ብቸኛ ነገር እሱ ነበር ማለት ይቻላል።

የሚያሳፍረው ነገር የዘመናዊው አየር ማቀዝቀዣ ታሪክ ራሱ ከማተሚያ ቤት የሚጀምር መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ዊሊስ ካሪየር የተባለ የ25 ዓመት መሐንዲስ በኒው ዮርክ ብሩክሊን ለሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት የነደፈው ሥርዓት ዓላማው ሠራተኛውን ከሙቀት ማሳረፍ አልነበረም፤ በእርጥበት ምክንያት እያበጠና እየተኮማተረ ቀለሞችን የሚያዛንፍን ወረቀት ማስከን ነበር። እኛ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተን፣ ያንኑ ሥራ እየሠራን፣ በግዢ ሰነዳችን ላይ ስለ እርጥበት አንድም መስመር አልጻፍንም።

60 ቶን የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ሻጩ የአዳራሹን ስፋት ጠየቀን፤ በአንድ ቁጥር አካፈለው፤ “ለክፉ ቀን ይሁን” ብሎም ጨመረበት፤ እኛም ትልቅ ማሽን አይጎዳም ብለን ተቀበልነው። ቶን የሚለው ቃል ራሱ ለብዙ ገዢ ግልጽ አይደለም፤ የግምጃ ቤት ኃላፊያችን ጣሪያው ይህን ሁሉ ክብደት ይችል እንደሆነ በቅንነት ጠይቀው ነበር፤ ጥያቄያቸውን ሰምተው የሳቁት ሰዎችም ትርጉሙን በትክክል ሊያስረዷቸው አልቻሉም። ቃሉ ከበረዶ ዘመን የቀረ ነው፦ 2,000 ፓውንድ በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት በሰዓት ሲሰላ 12,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ)፣ ማለትም 3.5 ኪሎዋት ያህል ይሆናል፤ አንድ ቶን የሚባለውም ይኸው ነው።

ለሁለተኛው ግዢ ከማንኛውም ሻጭ ጋር ያልተያያዘ መሐንዲስ ቀጥረን የሙቀት ጭነት ስሌት አሠራን። የአዳራሹን ስፋት የጠየቁን ከብዙ ሌሎች ጥያቄዎች በኋላ ነበር። የኅትመት ማሽኖቹ በአማካይ የሚስቡትን ኃይል በመለኪያ ለኩ፤ 45 ኪሎዋት ሆነ፤ ይህ ኃይል በመጨረሻ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ብቻውን ወደ 13 ቶን ይጠጋል። የሰው ቁጥር ጠየቁ፤ ቆሞ ቀለል ያለ የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው ከ200 ዋት በላይ ሙቀት የሚሰጥ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላዩ በላብና በትንፋሽ የሚወጣ እርጥበት ነው። የማጠቢያ ኬሚካሎቹን ሽታ ለማስወጣት ከውጭ የምናስገባውን አየር መጠን ጠየቁ፤ በዝናብ ወራት እርጥበቱን ተሸክሞ የሚገባው በዋናነት ይህ አየር ነው። ከቆርቆሮው ሥር የሙቀት መከላከያ እንድናስገባም አዘዙን፤ ይህን ካደረግን በኋላ ስሌቱ 38 ቶን ላይ ቆመ። በ60 ቶን ያላስተካከልነው አዳራሽ የሚፈልገው ይህን ያህል ብቻ ነበር።

ስለ ሌሎቹ አማራጮች በአጭሩ ልናገር። ውሃ በማትነን የሚያቀዘቅዘው ዓይነት ኤሌክትሪክ በመቆጠብ ተወዳዳሪ የለውም፤ 35 ዲግሪ ሞቃትና እርጥበቱ 20 በመቶ የሆነ ደረቅ አየር ቢሰጡት ወደ 22 ዲግሪ ሊያወርደው ይችላል፤ እርጥበቱ 70 በመቶ ሲሆን ግን ከ30 ዲግሪ በታች መውረድ አይችልም፤ ለወረቀት ደግሞ እርጥበት መጨመር ማለት ገና ከጅምሩ መሸነፍ ነው። በውሃ የሚቀዘቅዝ ቺለር (ውሃ አቀዝቅዞ በቧንቧ የሚያሰራጭ ማሽን) ለትልቅ ሕንፃና ለፋብሪካ እጅግ ቆጣቢ ቢሆንም፣ የማቀዝቀዣ ማማውን ውሃ በኬሚካል መቆጣጠር የሚችል ቋሚ ባለሙያ ይጠይቃል፤ በቸልታ የተተወ ሞቅ ያለ ውሃ የሌጅዮኔላ ባክቴሪያ ማራቢያ ስለሚሆን ይህ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም፤ ለ40 ቶን ሲባል ያን ሸክም መሸከም አስፈላጊ ሆኖ አላየሁትም። አንድ የውጭ ማሽን ብዙ ክፍሎችን የሚያገለግልበት ቪአርኤፍ፣ የጃፓኑ ዳይኪን እ.ኤ.አ. በ1982 ቪአርቪ ብሎ ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ለቢሮና ለሆቴል ተመራጭ ሆኗል፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ሙቀት ስለሚመርጥበትም ተመራጭነቱ ይገባዋል። አንድ ወጥ አዳራሽ፣ ብዙ የውጭ አየርና ብዙ የወረቀት ብናኝ ላለበት ቦታ ግን አየሩን በዳክት (በአየር ማስተላለፊያ ቦይ) የሚያስገባና ጠንካራ ፊልተር የሚሸከም ፓኬጅ ማሽን ይሻላል የሚለው የመሐንዲሱ ምክር ትክክል ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አሁን ወደ ማሽኖቹ። ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ኮምፕረሰሩ ፍጥነቱን እንደ ጭነቱ የሚያሳንስና የሚጨምር መሆኑን ነው። ገዢ ሁሉ የሚያየው በሙሉ ኃይል የተለካውን የብቃት ቁጥር ነው፤ ማሽን ግን በሙሉ ኃይል የሚሠራው በዓመት ውስጥ በጣም ጥቂት ሰዓት ነው። ለቺለሮች በሚሠራበት የአሜሪካ የመለኪያ ቀመር ውስጥ ሙሉ ጭነት የሚሰጠው ክብደት 1 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ሦስት አራተኛ ጭነት 42፣ ግማሽ ጭነት 45፣ ሩብ ጭነት 12 በመቶ ይይዛሉ፤ የእኛ ማሽኖች ቺለር ባይሆኑም ከመዝገባችን የማየው አሠራር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ፋኑም እንዲሁ ነው፤ የሚስበው ኃይል ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ስለሚሄድ፣ ፍጥነቱ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ ኃይሉ ወደ ግማሽ ይጠጋል። የኤሌክትሪክ ቆጣሪያችን በግልጽ ቀንሷል፤ ሆኖም ከፊሉ የጣሪያው መከላከያ ውለታ ስለሆነ ምስጋናውን ሁሉ ለማሽኑ አልሰጥም።

ሁለተኛው ጥንካሬ ኮምፕረሰሩ የሚያወጣውን ሙቀት መልሶ የሚጠቀም ተጨማሪ ኮይል ያለው መሆኑ ነው። እርጥበት ማውጣት ሲፈለግ አየሩ ጤዛ እስኪጥል ድረስ በጣም ይቀዘቅዛል፤ ከዚያም፣ አለዚያ ወደ ውጭ ሊጣል በነበረው ሙቀት፣ ወደ ተስማሚ ሙቀት ይመለሳል። በሻጮች ዝርዝር ውስጥ “አማራጭ” ተብሎ መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ይህ ክፍል ለእኛ የግዢው ዋና ምክንያት ሆኗል። ባለፉት ሁለት የዝናብ ወቅቶች መለኪያው ከ56 በመቶ ሲያልፍ ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የዕቃ ማስገቢያው ትልቅ በር ክፍት ተትቶ ነበር። ቢጫውም መስቀሉን አልለቀቀም።

አነሣሱም የሚወደስ ነው። አሮጌዎቹ ኮምፕረሰሮች በቀጥታ ሲነሡ ከመደበኛው ስድስት እጥፍ ያህል ከረንት ስለሚስቡ፣ በተነሡ ቁጥር የአዳራሹ መብራት ለአፍታ ይደበዝዝ ነበር፤ ጄኔሬተሩም ያጓራ ነበር። አዲሶቹ ከዝቅተኛ ፍጥነት ቀስ ብለው ስለሚነሡ መጀመራቸው አይታወቅም።

ጉድለቶቹን ሳልደብቅ ልዘርዝር። በሦስተኛው ወር አንድ ማሽን ከጣሪያው ውሃ አንጠባጥቦ አንድ ፓሌት ሙሉ የተቀባ ወረቀት አበላሸብን። ምክንያቱ ማሽኑ አልነበረም፤ የተካዩ ድርጅት ባለሙያዎች የፍሳሽ ቧንቧው ሲፎን ላይ የሠሩት መታጠፊያ ጥልቀት አንሶ፣ ፋኑ አየር በሚስብበት ጊዜ ውሃውን ወደ ውስጥ መልሶ ያስቀረው ነበር። ሲፎኑን ጠለቅ አድርገን ሠራነው፤ ከዚያ ወዲህ ጠብታም አላየን። ማንኛውም ገዢ ርክክብ ከመፈረሙ በፊት ፋኑ እየሠራ አንድ ባልዲ ውሃ ትሪው ላይ አፍስሶ መውጣቱን በዓይኑ ቢያይ ይህን ያህል አይጎዳም ነበር።

ከበድ ያለው ጉድለት የመቆጣጠሪያው ቦርድ ነው። አሮጌው ማሽን ኮንታክተርና ሪሌ (ቀላል የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያዎች) ብቻ ስለነበረው እኛው እንጠግነው ነበር፤ የኢንቨርተሩ ቦርድ ግን ሲቃጠል ከመቀየር ሌላ መፍትሔ የለውም። በመጀመሪያው ዓመት በቮልቴጅ መዋዠቅ አንዱ ተቃጥሎ ምትኩን ለ11 ሳምንት ጠበቅን፤ ዋስትናው የቦርዱን ዋጋ ሸፈነ፤ የጠፋውን ጊዜ ግን የሚሸፍን ዋስትና የለም። ያን ጊዜ ያዳነን አንድ ባለ 40 ሳይሆን ሁለት ባለ 20 መግዛታችን ነው፤ ጭነቱ ሙሉ በማይሆንባቸው ሰዓታት አንዱ ብቻውን አዳራሹን ይዞ ከረመ። አሁን የፌዝና የቮልቴጅ መጠበቂያ አስገብተናል፤ ትርፍ ቦርድም በመደርደሪያችን ላይ አለ። ይህ ከመጀመሪያው በውሉ ውስጥ መግባት ነበረበት።

የፊልተሩ በር በ16 ብሎን የሚዘጋና ማጠፊያ የሌለው ነው። የንድፍ ባለሙያው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ሲስለው ትንሽ ነገር መስሎት ይሆናል፤ የወረቀት ብናኝ በየሁለት ሳምንቱ ፊልተር በሚያስቀይርበት ቦታ ግን፣ ጣሪያ ላይ በነፋስ መሐል 16 ብሎን ፈትቶ መግጠም ማለት ውሎ አድሮ ፊልተሩ እንዳይቀየር መፍረድ ነው። ከብሎኖቹ አራቱ አሁን የሉም፤ የት እንደገቡም አላጣራሁም።

በማሽኑ ውስጥ እየዞረ ሙቀቱን ስለሚሸከመው ጋዝ ሁለት ነጥብ ልጨምር። የእኛ ማሽኖች የሚጠቀሙት አር-32 ሲሆን፣ ከባቢ አየርን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 675 እጥፍ ነው፤ ለብዙ ዓመት የተለመደው አር-410ኤ ግን 2,088 እጥፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የጸደቀው ዓለም አቀፉ የኪጋሊ ማሻሻያ አባል አገሮች እንዲህ ያሉትን ጋዞች ደረጃ በደረጃ እንዲቀንሱ ስለሚያስገድድ፣ ለ15 ዓመት ያገለግለኛል ብሎ ማሽን የሚገዛ ሰው ጋዙ በአሥረኛው ዓመት ይገኝ እንደሆነ ማሰብ አለበት። በአንጻሩ አር-32 በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆነ፣ በአሮጌው ልማድ ጋዙን ሳያወጣ ችቦ ለኩሶ ቧንቧ የሚበይድ ቴክኒሻን ጣሪያችን ላይ እንዲወጣ አንፈቅድም።

አንድ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ስለ ማሽኑ ሠሌዳ፦ እዚያ ላይ የሚጻፈው አቅም ብዙውን ጊዜ የውጭው ሙቀት 35 ዲግሪ ሲሆን፣ በባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። በፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ ላይ ያለው አየር ከዚያ በላይ ይሞቃል፤ በ2,000 ሜትር ከፍታ ደግሞ አየሩ 18 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያወጣው ክፍል፣ ኮንደንሰሩ፣ ሙቀቱን የሚሰጠው ነገር ያንሰዋል። ስለዚህ ሻጩ አቅሙን በእናንተ ከፍታና በ46 ዲግሪ አስልቶ በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከሦስት ተወዳዳሪዎች ይህን ለመስጠት ያቅማሙትን ሁለቱን ያሰናበትነው በዚሁ ምክንያት ነው።

እርጥበት ለሚያስጨንቀው ሥራ፣ ለማተሚያም ሆነ ለጨርቃ ጨርቅ ወይም ለመድኃኒት ማሸጊያ፣ ይህን ዓይነት ማሽን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ። ሙቀት ብቻ ለሚያስቸግረው ጋራዥ ወይም ብረታ ብረት ቤት ግን ውድና ብስጩ ቦርድ መሸከም አያስፈልገውም። እኛ በሚቀጥለው ዓመት ለወረቀት መጋዘኑ ባለ 10 ቶን አንድ ለመጨመር አስበናል፤ 10 የሚለው ቁጥር ግን የጭነት ስሌቱ እስኪያልቅ በእርሳስ ነው የተጻፈው። በትዕዛዝ ሰነዱ ላይ በቀለም ያሰፈርነው፣ የፊልተሩ በር ማጠፊያ እንዲኖረው የሚለውን ነው።