የመመገቢያ ወንበር፦ መንገድ ዳር ያለው ወይስ እቤት የሚሠራው?

ከሰበታ እስከ ለገጣፎ፣ ከሱሉልታ እስከ ገላን በአስፋልቱ ዳር የሚደረደሩት ባለ ስፖንጅ የመመገቢያ ወንበሮች ከፊት ሲታዩ ብዙም አይለያዩም። ቫርኒሹ ያበራል፣ ጨርቁ ተወጥሯል፣ ሻጩም «ዋንዛ ነው» ይላል። ለመለየት ወንበሩን መገልበጥ ያስፈልጋል። ከሥሩ ጥቁር ጨርቅ ካለ ጥጉን ገለጥ አድርጉ፤ ሻጩ አይሆንም ካለ እሱንም እንደ መልስ ቁጠሩት።

መጀመሪያ የሚታየው የጎን አግዳሚው፣ ማለትም ከመቀመጫው ሥር እግሮቹን የሚያገናኘው እንጨት፣ ከኋላ እግር ጋር የተያያዘበት ቦታ ነው። ሰው በልቶ ሲጠግብ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ የፊት እግሮቹ ከመሬት ይነሳሉ፣ ሸክሙም በሁለቱ የኋላ መጋጠሚያዎች ላይ ያርፋል። እዚያ ላይ ያለው ሚስማር ብቻ ከሆነ መነቃነቁ አይቀርም፤ ሚስማሩን ደግሞ መምታት ቀዳዳውን ከማስፋት ሌላ ጥቅም የለውም። ወንዴና ሴቴ ሆኖ፣ ማለትም የአንዱ እንጨት ጫፍ በሌላው ቀዳዳ ገብቶ፣ በኮላ የተያያዘ፣ በማዕዘኑም የእንጨት ድጋፍ በብሎን የታሰረበት ከሆነ ግን ዋጋው ትንሽ ቢወደድም ይገዛል። ቀጥሎ የመቀመጫው ወለል ነው። ቺፑድ (ከእንጨት ፍርፋሪ በኮላ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ከሆነ ተዉት፤ ስቴፕልም ብሎንም አጥብቆ አይዝም፣ ውሃ ከነካው አብጦ ይፈረፈራል። ኮምፖርሳቶ (ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው የተለጠፉበት ጣውላ) ይሁን፣ ውፍረቱም ከ12 ሚሊሜትር አይነስ።

ስለ ዋንዛው፣ ቀለም የጠጣ ባህር ዛፍም በዚያው ስም ሊሸጥ ይችላል። ቫርኒሽ ያልደረሰበትን የእግር ግርጌ እዩ፣ ወንበሩንም አንሱት፤ ዋንዛ ቀለል ይላል፣ ባህር ዛፍ ይከብዳል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከጽድ፣ ከዝግባና ከኮሶ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር፤ እንደ ልብ የሚገኝ እንጨት ስላልሆነ በርካሽ የቀረበ «ዋንዛ» ሊያጠራጥር ይገባል። ባህር ዛፍም ቢሆን በደንብ ከደረቀ ጠንካራ ወንበር ይወጣዋል። ችግሩ ሳይደርቅ መሠራቱ ነው።

ስፖንጁን በእጅ ጨምቆ መፈተሽ አያዋጣም፤ አዲስ ስፖንጅ ሁሉ ተመልሶ ይነሳል። የሚታመነው ሚዛን ነው። 45 በ41 ሴንቲሜትር የሆነና 5 ሴንቲሜትር የሚወፍር ቁራጭ፣ በሜትር ኩብ 30 ኪሎ ከሚመዝነው ስፖንጅ ከሆነ 275 ግራም ገደማ ይሆናል፤ 18 ኪሎ ከሚመዝነው ከሆነ 165 ግራም ገደማ። ቀላሉ ለመደገፊያ ካልሆነ በቀር ለመቀመጫ አይበቃም፤ መሃሉ ይጎደጉድና ኮምፖርሳቶው መቆርቆር ይጀምራል። ከቁርጥራጭ ተጨምቆ የተሠራው ዥጉርጉር ስፖንጅ ከሁሉም ይከብዳል። ብቻውን እንደ ድንጋይ ነው፤ ከሥር 2 ሴንቲሜትር እሱ፣ ከላይ 3 ሴንቲሜትር ባለ 30 ቢደረብ ግን ከሁሉም የተሻለ መቀመጫ ይወጣል። ሱቅ ውስጥ ያለውን ወንበር ስፖንጅ አውጥቶ መመዘን አይቻልም፤ እቤት መሥራት ትርጉም የሚኖረው በዋናነት ለዚህ ነው።

ሁሉንም እቤት ልሥራ ማለት ግን አይመከርም። የካ አባዶ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ባህር ዛፍ መሰንጠቅ ከጎረቤት ጋር ያጣላል፣ ያለ ማሽን የተላገ እግርም እኩል አይወጣም። ማሰንጠቁን፣ መላጉንና የሴቴውን ቀዳዳ ለእንጨት ሥራ ቤት ስጡ፤ መግጠሙንና ማልበሱን እቤት ሥሩ።

ለስድስት ወንበር የሚታዘዘው ይህ ነው። ለኋላ እግር 4 በ9 ሴንቲሜትር የሆነ፣ 4 ሜትር የሚረዝም ሦስት እንጨት፤ ከእያንዳንዱ 90 ሴንቲሜትር የሆኑ አራት እግሮች ይወጣሉ። 9 ሴንቲሜትር ስፋት ያስፈለገው እግሩ ከመቀመጫው በላይ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ እንዲቆረጥ ነው፤ ቀጥ ያለ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ማንም ቡናውን ሦስተኛ ድረስ አይጠጣም። ለፊት እግር 4 በ4 የሆነ፣ እያንዳንዱ 40 ሴንቲሜትር፣ በድምሩ 5 ሜትር። ለአግዳሚዎቹና ለመደገፊያው 2.5 በ7 የሆነ 15 ሜትር፤ ለብክነት ሁለት ሜትር ጨምሩ። የፊት እግሩ 40፣ ኮምፖርሳቶው 1.2፣ ስፖንጁ 5 ሲደመር 46 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሲቀመጡበት ወደ 45 ይወርዳል፣ 75 ሴንቲሜትር ለሆነ ጠረጴዛም ልክ ነው። ጠረጴዛችሁ ሌላ ቁመት ካለው ከቁመቱ 30 ቀንሱና የእግሩን ልክ ከዚያ ተነስታችሁ አስሉ።

ኮምፖርሳቶው 122 በ244 ነው የሚመጣው። መቀመጫው 44 በ40 ከሆነ በ122ቱ ላይ ሦስት ጎን ለጎን ይገባል፣ ስድስቱም ከግማሽ ጣውላ ይወጣሉ። ጥልቀቱን 42 ካላችሁ ሦስት አይገባም፤ በሁለት ሴንቲሜትር ምክንያት ተጨማሪ ጣውላ ትገዛላችሁ። እዚያው ሱቅ አስቆርጡት፤ ሙሉው በባጃጅ አይጫንም።

እንጨቱን በክረምት ከገዛችሁ አትቸኩሉ። እርጥብ እንጨት በበጋ ይኮማተራል፣ በሐምሌ ጥብቅ የነበረው መጋጠሚያ በጥር ይላወሳል። በጥላ ሥር፣ በየመሃሉ ቀጭን እንጨት እየገባ ተደርድሮ ይድረቅ። ቀዳዳና እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ ያለበትን እንጨት ነቅዟልና አትቀበሉ።

ሲገጠም የሁለቱ አግዳሚዎች ወንዴ በእግሩ ውስጥ ስለሚገናኝ ጫፋቸው በ45 ዲግሪ ይቆረጥ፤ አለዚያ አንዱ ሌላውን ገፍቶ አያስገባውም። መጀመሪያ የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ ግጠሙ፣ ኮላው ሲይዝ በጎን አግዳሚ አገናኟቸው። ሞርሳ (እንጨት አጥብቆ የሚይዝ መሣሪያ) ከሌለ ገመድ ዙሪያውን አስራችሁ በዱላ ጠምዝዙት። ነጩ የእንጨት ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይዝም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ የአዲስ አበባ ዳርቻ ከዚያ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ተጀምሮ ከሰዓት በፊት ይጠናቀቅ፤ ለ24 ሰዓትም ማንም አይቀመጥበት። ባህር ዛፍ ላይ ብሎን ከመግባቱ በፊት በመሰርሰሪያ ይበሳ፤ ሳይበሳ ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ መቀመጫው። የኋላ ሁለቱ ማዕዘኖች ለእግሩ ቦታ እንዲሰጡ ይቆረጣሉ፤ ቁርጡ ከእግሩ ውፍረት 3 ሚሊሜትር ይስፋ፣ ጨርቁ ታጥፎ የሚገባው እዚያ ነውና። ስፖንጁ ከኮምፖርሳቶው በየጎኑ ግማሽ ሴንቲሜትር ተርፎ ይቆረጥና ማስቲሽ በሚባለው ማጣበቂያ ይለጠፍ። ማስቲሹን በሁለቱም ላይ ቀብታችሁ እጅ ላይ መጣበቅ እስኪያቆም ጠብቁ። በር ክፍት ይሁን፣ በአካባቢውም ከሰል አይንደድ፤ የማስቲሹ ትነት በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ቡናው ይቆይ። ከስፖንጁ በላይ ስስ ፋይበር ይነጠፍ፤ እሱ ከሌለ የስፖንጁ ጠርዝ በጨርቁ ላይ መስመር ሆኖ ይታያል።

ጨርቁ 65 በ61 ተደርጎ ይቆረጣል። 140 ሴንቲሜትር ስፋት ካለው የሶፋ ጨርቅ ሁለት ጎን ለጎን ስለሚወጣ ለስድስቱ 2 ሜትር ይበቃል። ስቴፕሉ ባለ 8 ሚሊሜትር ይሁን፤ ባለ 14ቱ ኮምፖርሳቶውን ያልፈዋል። ከየጎኑ መሃል ጀምሩ፣ ቀጥሎ ትይዩውን ጎን፣ ማዕዘኑ መጨረሻ፤ በየ2 ሴንቲሜትሩ አንድ። ከአንድ ጥግ ተጀምሮ ወደ ሌላው ከተኬደ ጨርቁ ይጠመዘዛል፣ መስመር ያለው ጨርቅ ከሆነም መስመሩ ይጣመማል። የኋላው ቁርጥ ላይ ጨርቁን በመቀስ ስትሰነጥቁ ከማዕዘኑ 1 ሴንቲሜትር ሲቀር አቁሙ፤ ከዚያ ካለፈ እንጨቱ ይገለጣል፣ መመለሻም የለውም።

ስለ ጨርቅ ምርጫ ብዙ አይባልም። በነጭና በክሬም ላይ የእርድ ወጥ ከፈሰሰ አይለቅም። ቬልቬት ከሆነ ስድስቱም ፀጉራቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛ፤ አለዚያ አንዱ ወንበር ከሌሎቹ የጠቆረ ይመስላል። ርካሽ ሌዘር በመስኮት ፀሐይ ይሰነጣጠቃል። መቀመጫው ከሥር በማዕዘን ድጋፎቹ በኩል በአራት ብሎን ይታሰር፤ ድጋፉ 2.5 ሴንቲሜትር ከወፈረ ባለ 3.5 ብሎን ይበቃል፣ ባለ 4ቱ ስፖንጁ ውስጥ ብቅ ይላል። ጨርቅ መቀየር ሲፈለግ አራቱን ፈትቶ ማውጣት ብቻ ነው። መንገድ ዳር ከሚሸጡት አብዛኞቹ ግን ጨርቃቸው ከአግዳሚው ጋር አብሮ ስለሚመታ ይህ አይቻልም።

ወንበሩ ለበዓል ከተፈለገና ቀኑ ከቀረበ የተዘጋጀውን ግዙ፤ የበዓል ሰሞን ትዕዛዝ ቫርኒሹ ሳይደርቅ ይረከባል። ጊዜ ካለ ግን እዚያው መንገድ ዳር ያለውን ሠሪ አጽሙን ብቻ፣ ያለ መቀመጫና ያለ ቫርኒሽ እንዲሸጥላችሁ ጠይቁት። ቫርኒሽ ያልነካው መጋጠሚያ ምኑም አይደበቅም፤ ክፍተት ካለው እዚያው መልሳችሁ ትሰጡታላችሁ።